አለበል ያላንኳኳው በር

ንፋስ መውጫ ውስጥ ከቀበሌው ሱቅ መስኮት ፊት ለፊት አንዲት ሰማያዊ በር ነበረች። ቤቱ የነጋዴው የጁሃር ነው። ጁሃር ግን በቅሎውን ጭኖ ወደ መተማ ቆላ ከወረደ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቤት የቀሩት ሚስቱ ዚነትና እናቱ እትየ ሀጂራ ብቻ ናቸው። ጊዜው ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ጊዜ አንድ ወንድ ከቤቱ ዓመት ከጠፋ «ለንግድ ሄዷል» ብሎ የሚያምን የቀበሌ ሊቀመንበር ከየት ይመጣል! ሊቀመንበሩ ደምሌ የሱቁን ሻጭ አለበልን ጠርቶ፣ «ሰውየው ጫካ ሳይገባ አልቀረም። መስኮትህ ላይ ሆነህ ያችን በር ጠብቅልኝ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ አንድ ሳታስቀር ጻፍ» አለው። ደብተርም ሰጠው።

አለበል ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ለማውራትም ይቀል ነበር። ቤተ ልሔም ደብር ዜማ ሲማር አቋርጦ የወጣ፣ ድምፁ ያማረ፣ ጽሕፈቱ የተዋበ፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ስኳርና ሳሙና በኩፖን ሲያድል የሚውል የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። መጀመሪያ የታዘዘውን ብቻ ጻፈ። «ጠዋት ውሃ ቀዳች። ራቢያ የምትባል ጎረቤት መጣች።» ከወር በኋላ ግን ብዕሩ መስመሩን ሳተ። «ዛሬ አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። እጇን ሂና ሞቃለች። ከራቢያ ጋር ሳቁ፤ በምን እንደሳቁ አልታወቀም።»

ደምሌ ይህን ሲያነብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ሰውየ፣ እኔ ሽፍታ ፈልግ አልሁህ እንጂ ሚስት ፈልግ አልሁህ?»

አለበል ደሙ ፊቱ ላይ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ደብተር ያዘ፤ አንዱ የደምሌ፣ አንዱ የራሱ። የራሱ ቶሎ አለቀበት፤ ሌላ ገዛ። ጉድ እኮ ነው! ሴትዮዋን አንድም ቀን ከ«ስንት ኪሎ ነው?» እና ከ«እግዜር ይስጥልኝ» በቀር አነጋግሯት አያውቅም። ግን የትኛው ጫማዋ እግሯን እንደሚልጣት ያውቃል። ሰው ሲጠራት ዘወር የምትለው በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል። እሷን ሳያይ የዋለ ቀን እህል አይበላለትም።

ግንቦት ላይ ዚነት ከቤት መውጣት ተወች።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ውሃውን ራቢያ ትቀዳለች፣ ገበያውን ራቢያ ትወጣለች። «እግሯን ቁርጥማት ይዟታል» ይባላል። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ መንገዱን ሁሉ ዘጋው፤ ሰማያዊዋ በር እንደተገጠመች ናት። አለበል መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ከሳ። ኧረ ጎረቤት አይደለህ፣ ለምን መንገዱን ተሻግረህ «እንደምን ሰነበታችሁ፣ እግሯስ ተሻላት ወይ?» አትልም? ሲጠብቃት ከርሞ፣ እንደ ሰው ሄዶ መጠየቁን ፈራው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። በደምሌ ደብተር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሦስት ወር ተኩል ሙሉ ሴትዮዋ አልወጣችም። የሚገባው ውሃም ከሁለት ሰው በላይ ነው። ቤት ውስጥ የተደበቀ ሰው ሳይኖር አይቀርም።» ውሃው ከሁለት ሰው በላይ አልነበረም። ይህን ራሱም ያውቀዋል። ቤቱ ከተፈተሸ ትወጣለች፣ ደጅ ትቆማለች፣ አንድ ጊዜ ያያታል፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደምሌ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። አለበልንም «ወረቀት ከተገኘ የምታነበው አንተ ነህ» ብሎ ይዞት ሄደ። ዚነት ግቢው ውስጥ ቆመች። ሂና የለ፣ ጉትቻ የለ፣ ኩል የለ፤ ነጭ ነጠላ ብቻ። እትየ ሀጂራ ደፉ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ቤቱ ተገለባበጠ፤ የተደበቀ ወንድ ቀርቶ የወንድ ጫማ አልተገኘም። ከሣጥኑ ሥር ግን አንድ የታጠፈ ወረቀት ወጣ።

«የሽፍታ ደብዳቤ ነው! ጮክ ብለህ አንብብ!» አለ ደምሌ።

ዚነት አለበልን አየችው። ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ራሷን ወዘወዘች፤ በቀስታ፣ እሱ ብቻ እንዲያይ። አለበል ግን ጥፋቷ እንዳይወጣ የፈራች መሰለው። በዚያ ባማረ ድምፁ ጀመረ፦

«ለእህታችን ለዚነት። ወንድማችን ጁሃር በወባ አምስት ቀን ታሞ...»

እዚህ ላይ ዓይኑ ቀድሞት ወደ ታች ወረደ፤ ገባው። እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። «ታሞ ተሽሎታል» ብሎ ማንበብ ይችል ነበር፤ ከአለበል የተዋበ ጽሕፈት በቀር የሰው እጅ ጽሕፈት የማይገባው ደምሌ ምን ያውቃል? ግን «ምን ትንተባተባለህ!» ሲባልበት ምላሱ በልማዱ ሮጠች። «...ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ዐረፈ። አጥበን፣ ሰግደንበት ቀብረነዋል። ለእናቱ እንደ ወጉ፣ በዘመድ መሐል፣ ቀስ ብለሽ አርጂያቸው። የንግድ ጓደኛው አብዱልከሪም ነኝ።»

እትየ ሀጂራ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ። «የኔን ጁሃር ነው የሚለው?» አሉ። ከዚያ የጮኹት ጩኸት ገበያው ድረስ ተሰማ።

ዚነት ለካ ዒዳ ላይ ነበረች። ባል የሞተባት ሙስሊም አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ አለበል ከሙስሊም ጋር ያደገ ሰው ነው፣ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ሞት ያልተነገረበት ቤት ሐዘን አለ ብሎ ማን ያስባል? አማቷ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ዝናቡ አባርቶ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ የጁሃር አጎት ከወገዳ መጥቶ እንደ ወጉ እስኪያረዳቸው ድረስ ሐዘኗን በቁርጥማት ስም ሸፍና ብቻዋን ይዛው ከርማለች።

እትየ ሀጂራ ይህን ሊሰሙ አልፈለጉም። «ልጄ አፈር ለብሶ ሳለ 'ይመጣል' እያለች አበላችኝ! ከዓይኔ ትጥፋ!» አሉ። አለበል ለቅሶ ሊደርስ ሲሄድ ግን እጁን ይዘው ሳሙት። «እውነቱን የነገርኸኝ አንተ ነህ ልጄ። የላከህ አላህ ነው።»

መስከረም ላይ ዒዳዋ አለቀና ዚነት ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ ወገዳ ልትሄድ እቃዋን ሸከፈች። ስታልፍ ሱቁ መስኮት ላይ ቆመች።

«ወንድም ዓለም፣ ቤቴን የሚያይ መስኮት ይኸው ያንተ ብቻ ነው» አለችው። «ማን እንደጻፈ አውቃለሁ። ምነው ብታንኳኳ ምን ነበረበት? እነግርህ ነበር እኮ። ሐዘኔን የምነግረው ሰው አጥቼ ነበር።»

አለበል ደብተሩን ከመስኮቱ ላይ አነሣው፤ እሷ ግን ቀጠለች።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። የጁሃርን እናት ንገራቸው። እኛን ሁሉ ተማክረው ዋሹኝ ይላሉ፤ አንተን ያምናሉ። ሰዎቹን ማን እንደላከብን፣ እኔም ለምን ዝም እንዳልሁ ንገራቸውና ይቅር ይበሉኝ። እናት የለኝም፤ እናቴ እሳቸው ናቸው።»

«እሺ» አለ። ከልቡ ነበር።

በየዓርቡ ሄደ። ስኳር ይዞ፣ ሳሙና ይዞ። «እትየ ሀጂራ፣ አንድ ነገር...» ብሎ ይጀምራል። እሳቸው «አንተ ባትኖር እስከ ዛሬ በር በሩን ሳይ እኖር ነበር፤ ዕድሜ ይስጥህ» ሲሉት ወሬውን ወደ ስኳሩ ይመልሰዋል። በዚያች ከተማ እሱን የሚወድ ሰው እሳቸው ብቻ ሆነው ነበርና፣ ይህን ማጣት አቃተው። ለሚቀጥለው ዓርብ ያስተላልፈዋል። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። ጥር ላይ እትየ ሀጂራ በተቀመጡበት ሞቱ።

ዚነት የደረሰችው ተቀብረው ካደሩ በኋላ ነው። አቧራዋን ሳታራግፍ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች።

«ነገርሃቸው?»

አለበል ዓይኗን አየ። ቀይ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ የመጣች ሰው ዓይን ነው።

«ነገርኋቸው» አለ።

«ምን አሉ?»

«'ልጄ ናት፣ ይቅር ብያታለሁ' አሉ።»

ዚነት መስኮቱን ተደግፋ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። «በደልህን ሁሉ ትቼልሃለሁ፤ አላህ ይክፈልህ» አለችው።

አለበል እስኪያረጅ ድረስ «አላህ ይክፈልህ» የሚል ሰው ስኳር ሊገዛ ሲመጣ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይገባ ነበር።