ወይዘሮ አፀደ አንደኛ

ፓርቲያችን ድምፅና ግብር ይባላል፤ ጥያቄውም ሁለት ብቻ ነው። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ይቀነስ፤ መራጩም አንድ ስም ላይ ምልክት አድርጎ ከሚሄድ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ደረጃ ይስጥ። የደረጃውን ሐሳብ ቤልጂግ ተምሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከተመለስኩ ወዲህ የማልጠራጠረው ነገር የለም፤ የጉለሌ ዕጩ እንደምሆን ግን አልተጠራጠርኩም።

ዕጩውን በራሳችን ዘዴ እንምረጥ ያልኩትም እኔው ነኝ። ሦስት ሆነን የምንሰበሰበው ቀጨኔ፣ ወይዘሮ አፀደ ሳሎን ነው። እሳቸው አባል አይደሉም። ሊቀመንበራችን ጋሽ ለሜሳ ግን ሰው ቤት ተቀምጦ የባለቤቱን ስም መዝለል ነውር ነው ብለው፣ ከራሳቸው፣ ከእኔና ከፀሐፊያችን ከሄርሜላ ስም ቀጥሎ የወይዘሮ አፀደንም አስገቡ።

ወረቀቱ ደረሰኝ። ማንም ሳያየኝ እንኳ ራሴን አንደኛ ማለት አሳፈረኝ። የሚያሰጉኝ ጋሽ ለሜሳ ስለሆኑ መጨረሻ አደረግኳቸው። ራሴን ሁለተኛ አልኩ። አንደኛነቱን መቼም አያሸንፉም ብዬ ለወይዘሮ አፀደ ሰጠሁ።

ሄርሜላ ወረቀቶቹን እየገለጠች አነበበች። ወይዘሮ አፀደ አንደኛ። ወይዘሮ አፀደ አንደኛ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ለካ ሁላችንም ተግደርድረናል። የእጅ ጽሑፋችንን እንተዋወቃለንና፣ በጋሽ ለሜሳ ወረቀት ጋሽ ለሜሳ ሁለተኛ፣ በሄርሜላ ወረቀት ሄርሜላ ሁለተኛ መሆናቸውን አየን።

ይሄ ለሙከራ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ያልነውን እንቁጠር አልኩ።

ጋሽ ለሜሳ ፊታቸው እንደኔው ጠቁሯል። ቢሆንም መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አንተ ልጅ፣ ድምፅ ይከበር እያልን ሽሮ ሜዳ ላይ ስንጮህ የከረምነው ለሌላ ሰው ነው?» አሉኝ።

ወይዘሮ አፀደ ስማቸው ሲደጋገም ሰምተው ከጓዳ ብቅ አሉ። ነገሩን አስረዳናቸው። አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲሾም መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ እምቢ እንዳሉ እሺ ብዬ እምቢታቸውን እቀበላለሁ።

«እሺ» አሉ። ጣሪያውም ግድግዳውም የእኔ ነው፣ ስለ ግብሩ ከእኔ በላይ ማን ይናገራል ብለው ተቀመጡ።

ይኸው አሁን ድምፅ ማጉያ ተሸክሜ ከኋላቸው የቀጨኔን ዳገት እወጣለሁ። ሰው ሲሰበሰብ የደረጃውን ዘዴ አስረዳለሁ፤ ሲያልቅም፣ ይህ ሕግ የወጣ ቀን እባካችሁ ወረቀቱ ላይ አትግደርደሩ እላለሁ።

ወይዘሮ አፀደ ዞር ብለው ክንዴን ይይዙኛል።

«ተው እንጂ ልጄ፣ ይግደርደሩ። እኔ እዚህ የቆምኩት በሱ አይደል?»