ሣጥኑ አይታጠፍም

ልጄ ሔለን ካዛንቺስ፣ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን በኮምፒውተር ትሠራለች። ዝም ብሎ ሥዕል አይደለም፤ ሰው በሩን ከፍቶ ይገባበታል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። እኔ ግን በረንዳውን ሳየው ሕፃን ሲወድቅ ነው የሚታየኝ፤ ወጥ ቤቱን ሳየው እሳት።

ባለፈው ወር ለሽያጭ ማስታወቂያ የሚሠራውን አፓርታማ አሳየችኝ። ሁሉ ነገር ያበራል። ሰው ሲሞት በየት በኩል እንደሚወጣ ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ። ጎተራ እኛ ባለንበት ኮንዶሚኒየም የጎረቤታችን የአቶ ገብረሃና አስከሬን ሲወርድ፣ ሣጥኑ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮ የእድሩ ወንዶች ከደረጃው መደገፊያ ብረት በላይ አሻግረው ነበር ያወረዱት። ይህን ሳስታውሳት ሳቋን ተወችው፤ እሷም ቆማ አይታለች።

በማግስቱ የአስከሬን ሣጥን በኮምፒውተሩ ሠርታ ከአፓርታማው አምስተኛ ፎቅ አወረደችው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጫፉ ግድግዳው ውስጥ ጠፋ። ከዚያ ግቢው ውስጥ የነበረውን ፏፏቴ አንስታ የለቅሶ ድንኳን ተከለችበት። የማስታወቂያውን ፊልም እንዲሁ እንዳለ ለሕንፃው ባለቤት ለአቶ ተስፋለም ላከችላቸው።

አለቃዋ ዮአብ በቁጣ ጠራት። ይቅርታ ጠይቂ፣ ያባርሩሻል፣ ደግሞ ማንም አይቀጥርሽም እያልኩ ስጨቀጭቃት ሰነበትኩ። አፏን እንዳትከፍት ፈርቼም ቢሮው ድረስ አብሬያት ሄድኩ።

አቶ ተስፋለም ቀድመውን ደርሰዋል። ቤት እየሸጡ እንጂ መቃብር እየሸጡ እንዳልሆነ ነገሩን። ዮአብ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እትዬ ሙሉነሽ፣ በቃ እርስዎ ይምከሯት፤ ታጥፋውና እንገላገል» አለኝ።

ይቅርታውን በታክሲ ውስጥ አዘጋጅቼው ነበር። አልወጣልኝም።

«ታዲያ አስከሬኑ በየት ይውረድ?» አልኩ።

«በሊፍት ነዋ» አሉ አቶ ተስፋለም።

«ቆሞ?»

ሔለን ሣጥኑን በስክሪኑ ላይ ሊፍቱ ውስጥ አስገባችው። አጋድማ ሞከረችው፣ በሩ አልዘጋ አለ። አቆመችው፣ ገባ። ዮአብ ሳቅ አምልጦት ወዲያው ሳል አስመሰለው። አቶ ተስፋለም ግን ተነሡ፤ ዛሬውኑ ካልጠፋ ሥራውን ለሌላ ቢሮ እንደሚሰጡ ተናገሩ።

ዮአብ ወይ እንድታጠፋው፣ ወይ የቢሮውን ቁልፍ እንድታስረክበው አዘዛት።

«ደረጃው ይስፋና አጠፋዋለሁ» አለች ሔለን።

ዮአብ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር። ያለ ሥራ የምትቀመጥባቸው ወራት፣ የሚዘጉባት በሮች ሁሉ ባንዴ መጡብኝ።

«ስጪው ቁልፉን» አልኳት።