ካውያውን ነቅዬዋለሁ?

ልብስ ተኳሹ ከቤቱ መቶ እርምጃ ያህል እንደራቀ አንድ ጥርጣሬ ገባው። ካውያውን ነቅሎታል ወይስ አልነቀለውም?

ቤቱ ውስጥ ባለችው የመተኮሻ ክፍል ውኃ መርጫውን ጥግ ማስቀመጡ ትዝ ይለዋል። ነገ የሚያገባውን ሙሽራ ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እርጥብ ጨርቅ ደርቦ፣ መስመሩን ምላጭ አስመስሎ ማውጣቱም ትዝ ይለዋል። ከዚያ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ለሦስተኛ ጊዜ «አንተ ሰው፣ ትመጣለህ ወይስ ሌላ ባል ልፈልግ?» አለችው። ሳቀና ወጣ። በሳቁና በመውጣቱ መካከል እጁ ምን እንደሠራ ግን ቢገርፉትም አያውቅም።

ታዲያ «ቆዪ፣ መጣሁ» ብሎ መመለስ ምን ይከብዳል? ይከብዳል እንጂ! ጨዋታው አለ።

ጨዋታውን ያመጣችው ሚስቱ ናት። መዋዕለ ሕፃናት ስለምታስተምር አፍንጫ ማስናፈጥንም ሳይቀር ጨዋታ ታደርገዋለች። አንዲት ልጃቸው ለትምህርት ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎ፣ ባልና ሚስቱ የሚያወሩት ስለ ሳሙናና ስለሚያንጠባጥብ ቧንቧ ብቻ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ «እኔና አንተ እኮ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ መሰልን» አለች። እዚያው ሕግ አወጣች። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የቤቱን ጉዳይ አብረው ወጥተው ይፈጽማሉ፤ ግን እንደ እጮኛሞች። እሱ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ እሷ ሽቶ ትቀባለች፣ ሽንኩርት እንኳ ተሳስቀው ነው የሚመርጡት፤ መጨረሻ ላይ ሻይ ቤት ይገባሉ። ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ወይም ስለ ልጅ ያነሣ ተሸነፈ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዳቦ ቤት ተሰልፈው ሳለ ከፊቱ የቆመውን ሰው ኮሌታ አይቶ «ይኼን ያቃጠለው ማነው?» አለ፤ ያውም ጮክ ብሎ። በሁለተኛው መድኃኒት የምትሸጠውን ልጅ ጋውኗ እንዴት እንደሚተኮስ ሩብ ሰዓት አስተማራት። ሚስቱ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ቤት ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ ቀስ ብላ፣ «አንድ ቅዳሜ ልስጥህ። እሱንም ካበላሸኸው ሁለተኛ አልጠይቅህም» አለችው። ያን ድምፅ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት ሲጋራ ያስጣለው ድምፅ ነው።

ያ ቅዳሜ ዛሬ ነው፤ ስለዚህ ምላሱን ነክሶ ተራመደ።

ጫማ ሰፊው ጋ ሲደርሱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ ላብ በላብ ሆነዋል፤ አመመዎት እንዴ?»

«ፍቅር ነው» አለ ልብስ ተኳሹ።

«በዚህ ዕድሜ?»

«አንተ ደግሞ፣ ጫማህን ስፋ!» አለችው ሚስቱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ቀልድ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ፈገግ አለችና የእጅ ሰዓቷን አየች። እሱም ማየቷን አየ። «ሰለቸኋት» አለ በልቡ። አሁን ጭንቀቱ ሁለት ሆነ።

አምፖል መሸጫው የባሰ ነበር። ባለሱቁ አምፖሉን ሊሞክርላቸው ሶኬት ላይ ሲሰካው ቦግ አለ፤ የልብስ ተኳሹ ልብም አብሮ ቦግ አለ። የሙሽራው ሱሪ ሲጨስ፣ ጭሱ ወደ መጋረጃው ሲሄድ ታየው።

«ሶኬቱ!» ብሎ ጮኸ።

«ሶኬቱ ምን ሆነ?» አለች ሚስቱ።

«ያ... ያምራል።»

«ሶኬት ያምራል?»

«ካንቺ ጋር ሲያዩት።»

ባለሱቁ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። እሷ ግን «እሺ፣ እንሂድ» ብላ ቀድማ ወጣች።

ሽንኩርት ተራ ላይ ጭራሽ ግራ ገባው። ይህቺ ሴት አንዱን ሽንኩርት እንደ ሕፃን ጆሮ ገልብጣ ካላየች አትገዛም። ዛሬ ግን የበሰበሰውንም ደህናውንም አፍሳ ዘንቢል ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ዓይኑን ሳታይ «ደክሞኛል፤ ሻዩ ይቅርና እንመለስ ይሆን?» አለች።

«እንመለስ!» አለ። አፉ ፈጠነበት። ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ አየ፤ ግን ያለቀ ነገር ነው። ሦስተኛውም ቅዳሜ ተበላሸ ማለት ነው። ቢያንስ ቤቱ ይትረፍ።

ሁለቱም ፈጠን ፈጠን እያሉ ተጓዙ። «ምን ያሮጥሃል?» ትለዋለች፣ እሷው እየቀደመችው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ሰፈሩ በሙሉ ጨልሟል። መብራት ጠፍቷል!

«ተመስገን!» አሉ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ተያዩ። «መብራት ጠፍቶ ምኑ ነው የሚያስመሰግነው?» አለችው።

«አንቺስ ምን ሆነሽ አመሰገንሽ?»

«ቀድሜ ጠይቄሃለሁ።»

«እኔማ... ጨለማ ነዋ። እጅሽን ልይዝ ብዬ» አለና ያዘው። እጇ በላብ ርሷል። ይህች ሴት ደግሞ ምን ሆና ነው? ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ከዳር እስከ ዳር መስኮቶቹ ሁሉ በብርሃን ተሞሉ፤ ልጆች «መጣ! መጣ!» ብለው ጮኹ።

እጁ ውስጥ ያለው እጅ ጭብጥ አደረገው።

«ካውያዬ!» አለ እሱ።

«ባቄላዬ!» አለች እሷ።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። እሷ የተጠገነውን ጫማ በእጇ አንጠልጥላ፣ እሱ ዘንቢሉን አቅፎ፣ ሽንኩርቱ ከኋላ እየተንከባለለ፣ በሰፈሩ መሀል እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲበሩ ያየ ሁሉ ወይ ሌባ አባረራቸው ወይ ሎተሪ ወጣላቸው አለ። በር ላይ ቁልፉ ጠፋ፤ ከሽንኩርቱ ሥር ተገኘ። ሲከፍት ሁለቴ ሳተው።

ሱሪው እንደተዘረጋ ነው። ካውያው ቆሟል፤ ገመዱ እጀታው ላይ በወጉ ተጠምጥሟል። ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ነቅሎታል። ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ያለው ባቄላ ደግሞ ገና ለብ ማለቱ ነው። መብራቱ እነሱ እንደወጡ ጠፍቶ ኖሯል።

ሁለቱም የደንበኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። አምፖሉ ዘንቢል ውስጥ ደቋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያሰብሽው?»

«ከጫማ ሰፊው።»

«ታዲያ አትናገሪም?»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ፤ ቀድሜ ልሸነፍ?»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ቶሎ አቆመች። «ብቻ ቃሌ ቃል ነው። ሁለተኛ አልጠይቅህም» ብላ ባቄላውን ልታይ ተነሣች።

 ከካውያው ይልቅ ይኼኛው ጭንቀት ባሰ።  ከዚያ አንድ ነገር ገባው፦ በእነዚህ ሦስት ቅዳሜዎች፣ ከዚያም በፊት ባሉት ዓመታት፣ እሱ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ተነሥቶ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፤ ኩሽናው በር ላይ እንደ ጎረምሳ ቆመ።

«መምህሬ፣ አምፖሉ ተሰብሯል። ለፊታችን ቅዳሜ... አብረሽኝ ትወጫለሽ?»

ማማሰያዋን ሳታስቀምጥ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አስብበታለሁ» አለች።

ሳምንቱን ሙሉ አሰበችበት። እሱ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሁለት ኮሌታ አሳረረ፤ ማታ ማታ ዓይኗን ሲያይ ስለ ቧንቧው ታወራለች። ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራው ሲገባ ከደንበኞች ልብስ መሀል ሰማያዊ ቀሚሷ ተሰቅሏል። ደንበኛ ሁሉ እንደሚደረግለት ወረቀት በመርፌ ተያይዞበታል፤ ጽሑፉ የሕፃናት ፊደል ማስተማሪያ ይመስል ትልልቅ ነው።

«ለቅዳሜ ይድረስ።»