የሰው ኮት

ልብስ ሰፊው ስለ ልጅ አስተዳደግ ወሬ ከተነሳ አፉ ላይ የያዘውን መርፌ አውጥቶ ይናገራል እንጂ ዝም አይልም። ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል፤ ለአንድ ሚሊሜትር የሚጣላ ሰው ስለሆነ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ስለ ልጁ ካማረረ አለቀለት፣ ልኬቱ ሳይወሰድ ምክሩን ጠግቦ ይሄዳል።

«ልጅን ማመን ነው!» ይላል ሚሊ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ። «የኔዋን እይ። አሥር ዓመቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት ብቻዋን ትመጣለች። ዞር ብዬም አላያት።»

ይህን የሚለው ሰው ልጁን በየቀኑ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከሚስቱ ጋር በተደረገ ክርክር ነው። ሚስቱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ስድሳ ሰው ጭና ስትውል ድምጿ ከፍ አይልም፤ ለሚሊ ሲሆን ግን ትዕግሥቷ ቶሎ ያልቃል። «እስከ መቼ ነው እጇን ይዘህ የምታመላልሳት? ጓደኞቿ እኮ ይስቁባታል! የሩብ ሰዓት መንገድ ነው!» አለችው። ልጃቸው ሚጣ አጠገባቸው ቆማ ነበር። አባቷን ቀና ብላ አየችው፤ እሱም ያን አስተያየት መቋቋም አቃተውና «እሺ» አለ።

እሺ ካለ በኋላ ሕግ አወጣ። ሕግ ማውጣት ይወዳል። ቀጥታ መምጣት ነው። መንገድ ላይ መቆም የለም። የሚያስፈራ ነገር ከገጠማት ሴት የምትሠራበት ሱቅ ገብታ ጮክ ብላ መናገር አለባት። ከነዚህ አንዱን ከጣሰች ፈቃዱ ይነሳል፣ እጅ መያዙ ይመለሳል።

በመጀመሪያው ቀን ሚጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ የሱቁ መሐል ቆማ «መጣሁ!» አለች። ፊቷ በርቶ ነበር። ሚሊ አቀፋት። ልቡ ገና ድው ድው ይላል፤ በጓሮው ቅያስ ሮጦ እሷን ቀድሞ ከገባ ሁለት ደቂቃ አልሞላውም።

መቼም የልብስ ሰፊ ሞኝነት እንደ ሙያው ነው። ሌላ አባት ቢሆን ግንብ ጥግ ይሸጎጥ ነበር። ሚሊ ግን ሰውን የሚለየው በልብሱ ነው፤ ደንበኞቹን እንኳ ፊታቸውን ረስቶ ኮታቸውን ያስታውሳል። ስለዚህ ኮት ከቀየረ የሚያውቀው ፍጡር ያለ አልመሰለውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ከመስቀያው አንድ የደንበኛ ኮት ያወርድና ፌስታል ውስጥ ይከታል። ከዚያ ከጎኑ ባለው ክፍል ልብስ ለምትተኩሰው ሴትዮ በግድግዳው መስኮት «እትዬ፣ ክር ልገዛ ነው!» ይላታል።

«ዛሬም? ክሩን ትበላዋለህ እንዴ?» ትለዋለች እሷ፣ ካውያዋን ሳታነሳ።

ውጭ ሲወጣ ኮቱን ይደርባል፣ ሻርፑን እስከ አፍንጫው ይጠመጥማል፣ ኮፍያውን ቅንድቡ ላይ ይደፋል። ብርድ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። አንድ ቀን ቡናማ ይለብሳል፣ አንድ ቀን ግራጫ፣ አንድ ቀን ደግሞ እሱን የመሰለ ሁለት ሰው የሚያስገባ ካፖርት። ሲመለስ ኮቱን ከመጋረጃው ጀርባ ይወሽቀውና ሚጣ ስትገባ የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ታገኘዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ሚጣ ድንገት ከመንገድ ወጥታ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገባች። ሚሊ ከማዶ ሆኖ ጠበቀ። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ አሥር ደቂቃ ሆነ። በመስታወቱ ያያታል፤ ደብተር ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ትመልሳለች፣ ሌላ ታነሳለች። ደሙ ፈላ። ቀጥታ ነው ያልኳት፣ አለ በሆዱ።

እራት ላይ ጠየቃት። «ዛሬ ቀጥታ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«የትም አልቆምሽም?»

ሚጣ ሳህኗን አየች። «አልቆምኩም።»

«ውሸታም!» ጠረጴዛውን በእጁ መታው። «አሥር ደቂቃ ሙሉ ደብተር ስታገላብጪ ነበር!»

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንተ በምን አወቅህ?»

«ሰው አይቶ ነገረኝ» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ፈቃዱ ይነሳ ቢል ሚስቱ አሻፈረኝ አለች። እሱም የሚጣን ሳጥን ወሰደ፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ የምታጠራቅምበትን፣ ለአሻንጉሊቶቿ ቀሚስ የምትሰፋበትን ሳጥን። ለአንድ ሳምንት ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀለው። «ከደገምሽ ግን ብቻሽን መሄድ የሚባል ነገር አበቃ!» አላት። ሚጣ አላለቀሰችም። «እሺ አባዬ» ብቻ አለች። ሚሊም በዚያ ምሽት ጥሩ አባት የሆነ መስሎት ተኛ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቡናማውን ኮት ለብሶ ሲከተላት ሚጣ እርምጃዋን አፈጠነች። አንዴ ዞር ብላ አየችና እየሮጠች መድኃኒት ቤት ገባች። ሚሊ ደነገጠ። አሟት ይሆን? መስታወቱ ጋ ተጠግቶ በሁለት እጁ ዓይኑን ከልሎ ወደ ውስጥ አጮለቀ።

በሩ ተከፈተና ነጭ ጋውን የለበሰች ግዙፍ ሴት ወጥታ ኮሌታውን ጨበጠችው። «አንተ! ምን ፈልገህ ነው?» ጩኸቷን ሰምቶ የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ ወጣ፤ ከኋላው ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛው ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ተከተለ። መንገደኛውም ቆም ቆም ማለት ጀመረ።

«አባቷ ነኝ!» አለ ሚሊ፣ በሻርፑ ውስጥ።

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ልጅቷ አንድ በአንድ ነግራኛለች» አለች መድኃኒት ሻጯ። «ስንት ቀን ሙሉ ስትከተላት ነበር! ደግሞ ከአባቷ ሱቅ ልብስ እየሰረቅክ ትለብሳለህ!»

ሚሊ ሻርፑን ወደ ታች ሳበው። ሴትዮዋ ኮሌታውን ሳትለቅ ወደ ውስጥ ተጣራች። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። ታውቂዋለሽ?»

ሚጣ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። መጀመሪያ ያየችው ኮቱን ነው፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ቁልፍ፣ ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን።

«ኮቱ የአባቴ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ሰውየው ግን አባቴ ነው።»

ኮሌታውን ያነቀው እጅ ላላ። ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ባለግማሽ ጢሙ ሰውዬ ሳቁን አፈነ። ሚሊ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። መድኃኒት ሻጯ ሁለቱንም ወደ ውስጥ አስገባቻቸውና በሩን በሰዉ ላይ ዘጋች፤ ለዚህስ ይባርካት።

«ሁለተኛውን ቁልፍ እኮ እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለች ሚጣ፣ ወለሉን እያየች። «የጠፋውን ስትተካ። ሱቅ ስገባ ኮቱን ከመስቀያው አጣሁት። ግራጫውንም እንደዚያው። ሌባ መስሎኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ሚጣዬ?»

«ብነግርህ ብቻዬን መምጣት ትከለክለኝ ነበራ።»

ሚሊ አንድ ነገር ትዝ አለውና የወረፋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ያን ቀን… ደብተር ቤት የገባሽ ቀን…»

«እስኪያልፍ እየጠበቅኩ ነበር» አለች። «አላለፈም። ማዶ ቆሞ ያየኝ ነበር።»

ያ ሰውዬ ፊቷ ተቀምጦ እያለ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ነበር የምትናገረው። ሚሊ አፈረ። በአደባባይ በኮሌታ መያዙ እንኳ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀሎ ታየው። ልጁ ስንት ቀን ፍርሃቷን በሆዷ ይዛ ተመላልሳለች፤ ያስፈራት እሱ ነው፤ ስለፈራች ደግሞ የቀጣት እሱ ራሱ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«መጣሁ ብዬ ያቀፍከኝ ቀንም?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሚጣ የቦርሳዋን ማንገቻ ስታጠብቅ ቆየች። ጣቶቿ ሥራ ያላቸው ይመስላሉ።

«ስለዚህ አንድም ቀን ብቻዬን አልመጣሁማ» አለች።

መድኃኒት ሻጯ የመድኃኒት ካርቶን ወደማስተካከል ዞረች። ሚሊ ይቅርታ ሊል ቃል ፈለገ፤ ያን ሁሉ ደንበኛ ሲመክር የነበረ አንደበት አንዲት ቃል አላዋጣ አለ። እጁን ወደ እጇ ሲዘረጋ ሚጣ እጇን ኪሷ ከተተች።

«አንተ ቅደም» አለች። «ወደ ኋላ እንዳታይ።»

የሰውን ኮት አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለና ወጣ። ፀጉር ቤቱን ሲያልፍ አንገቱን ደፋ። ብርዱ ሸሚዙን አልፎ ይገባል፤ ኮቱን መልሶ መልበስ ግን አልቻለም። የእግሯን ኮቴ ለመስማት ጆሮውን አቆመ፤ የሰማው የመኪና ድምፅ ብቻ ነው። ማቋረጫው ላይ ሲደርስ አንገቱ ሊዞር ምንም አልቀረውም ነበር፣ ግን እንደምንም አልዞረም።

ሱቁ ገብቶ ኮቱን ቦታው ሰቀለ። ተኳሿ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ልጅቷስ? ሰዓቷ አይደል እንዴ? የት ደረሰች?»

«አላውቅም» አለ። እውነቱን ነበር።

ክር መርፌ ውስጥ ሊያስገባ ቢሞክር ሦስት ጊዜ ሳተው። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የሩብ ሰዓቱ መንገድ ግማሽ ሰዓት አልፎት ሚጣ ገባች፤ ጉንጯ በብርዱ ቀልቷል። ቦርሳዋን አወረደች፣ ደብተሯን አወጣች። ወደ እሱ አላየችም። በየት በኩል እንደመጣች ሊጠይቃት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«ብቻሽን መጣሽ የኔ አንበሳ?» አለቻት ተኳሿ፣ በመስኮቱ።

«አዎ እትዬ» አለች ሚጣ። «ዛሬ።»

ሴትዮዋ ምንም ስላልገባት ፈገግ ብላ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ሚሊ መርፌ የወደቀበት ሰው ይመስል ከስፌት መኪናው ሥር አጎነበሰ፤ ቶሎም ቀና አላለም።