አሥረኛው ሪባውንድ

ጋሽ ዘገዬ ነገሩን ያነሱት መኪናው ከሰፈራቸው ከአሊያንቴ ወጥቶ ፍሪዌይ ከገባ በኋላ ነው፤ ሩሐማ መውረድ በማትችልበት ቦታ። የእሷ መኪና ጋራዥ ስለገባ የዚያን ቅዳሜ ወደ ሥራ የሚያደርሷት እሳቸው ነበሩ። አጎቷ ናቸው፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም። ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ኤርፖርት የተቀበሏት፣ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል ለቀው እስከ ዛሬ የሚያኖሯት፣ መንጃ ፈቃድ እስክታወጣ ጠዋት ማታ ያመላለሷት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። አብረው ለሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን አዲስ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው።

«ያቺ ረጅሟ ልጅ ዛሬ ትጫወታለች አይደል? ኬንድራ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ።

«ትጫወታለች። የመጀመሪያ ጨዋታዋ ነው።»

«አሥር ሪባውንድ ትይዛለች ብዬ ገንዘብ አስይዣለሁ።»

ሩሐማ ዞር ብላ አየቻቸው። አጎቷ እንደሚወራረዱ አታውቅም ነበር። እሷ በአዘቦት ቀን ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ዘ ስትሪፕ ጎዳና ላይ ካለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ነው የምትውለው። ልጅ ሆና ቅርጫት ኳስ ትጫወት ስለነበር ግን ዘንድሮ በተቋቋመው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ቅዳሜ ቅዳሜ የተጫዋቾችን ውጤት ትመዘግባለች። ማን አገባች፣ ማን ሳተች፣ ተስቶ የተመለሰውን ኳስ፣ ሪባውንዱን፣ ማን ያዘች፤ እሷ ኮምፒዩተሩን ስትነካ ተመልካቹም ተወራራጁም እኩል ያየዋል። ስትቀጠር ከቤተሰቧ በጨዋታው የሚወራረድ እንዳለ ተጠይቃ የለም ብላለች። ያኔ እውነቷን ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼን ለእኔ መንገር አልነበረብዎትም።»

«ምን አጠፋሁ? ስረቂ አላልኩሽ። ዘጠኝ ላይ ከቆመች፣ ሁለት ሰው ከነካው ኳስ አንዱን ለእሷ ማድረግ ነው። ማን ይጎዳል?»

«እንዲህ አይሠራም።»

«ሩሐማዬ፣ እኔ አንቺን አይሆንም ብዬሽ አውቃለሁ?»

ቢቆጧት ኖሮ ትመልስላቸው ነበር። ልስላሴያቸው ግን አፏን ለጎመው።

አዳራሹ ውስጥ አለቃዋ ዴብራ ቦታዋን ይዛ ጠበቀቻት። ሜዳው ላይ የሚሆነውን እያየች ጮክ ብላ የምትናገረው ዴብራ ናት፤ ሩሐማ ደግሞ የሰማችውን ታስገባለች። ልትነግራት ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። ብትናገር ያሳደሯትን ሰው ማጋለጥ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ አብራ መግባት ነው። በዚህ መሀል ዳኛዋ ኳሱን ወደ ላይ ወረወረችው። ከዚያ በኋላ ከወንበር መነሣትም ሌላ ወሬ ማውራትም የለም። ቀና ስትል ጋሽ ዘገዬ ከሜዳው ወዲያ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ኬንድራ መጀመሪያ ላይ ፈርታ ነበር፤ የተወረወረላት ኳስ ሁሉ ከእጇ ያመልጥ ነበር። ከእረፍት በኋላ ግን እንደ ሌላ ሰው ሆነች። ቅርጫቱ ሥር ማንም አልቻላትም። ሰው ስሟን መጥራት ጀመረ። ሩሐማ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባላት፤ አሁን ግን ኳስ ወደ ልጅቷ በሄደ ቁጥር አሥር ለመሙላት ስንት እንደቀራት ትቆጥራለች። ዘጠነኛውን ሪባውንድ ስትመዘግብላት አሰልጣኟ ይቀይሯት ብላ ተመኘች። በተመኘችውም አፈረች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚዎቹ ሞከሩና ኳሱ ከብረቱ ተጋጭቶ ተመለሰ። ኬንድራን ጨምሮ ሦስት ተጫዋቾች ዘለሉ። ኳሱ ከእጆች መሀል ወጥቶ የኬንድራ የቡድን ጓደኛ እጅ ገባ።

«ማን ናት? ዳኛዋ ጋረደችኝ» አለች ዴብራ። «አንቺ አይተሻል?»

ሩሐማ አይታለች። ኬንድራ ጓደኛዋን በዓይኗ ፈልጋ፣ ኳሱን በጣቶቿ ጫፍ ሆን ብላ ነው ወደ እሷ የገፋችው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ሪባውንዱ የገፊዋ ነው እንጂ የተቀባይዋ አይደለም። ማዶ ጋሽ ዘገዬ ለጸሎት እንደተቀመጠ ሰው እጃቸውን አቆላልፈው ወደ ፊት አዘንብለዋል።

እውነቱን ብትጽፍ ለእኔ ብላ ነው ይላሉ፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜም ሌላ ይጠይቃሉ። ለተቀባይዋ ብትጽፍ ደግሞ ራሷን ንጹሕ ለማድረግ ስትል የልጅቷን ላብ መስረቋ ነው።

«ሩሐማ?»

«የኬንድራ ነው» አለችና ኮምፒዩተሩን ነካች።

ጋሽ ዘገዬ ሰሌዳውን ቀና ብለው አዩ። ከዚያም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሷት።

ጨዋታው አልቆ ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ፊታቸው በርቷል። «ጌታ ይባርክሽ!»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ ጋሼ። ኳሱ የእሷ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ ጠቀስ አድርገዋት። «ማንም ቢጠይቅሽ እንደሱ በይ።»

«እውነቴን ነው የምልዎት!»

«እሺ አልኩሽ እኮ። ነይ እንሂድ፤ የሳምንቱን ደግሞ ቤት እናወራለን።»

ምንም ብትል የማያምኗት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። «ይጠብቁኝ» ብላ ተመልሳ ገባችና ለዴብራ ሁሉንም ነገረቻት።

ዴብራ ቪዲዮውን ደጋግማ አየች። «ትክክል ነሽ። ሪባውንዱ የእሷ ነው፤ አይነካም» አለች። ቀጥላም፣ «አንቺን ግን ማቆየት አልችልም። ከጨዋታው በፊት ልትነግሪኝ ይገባ ነበር። የአጎትሽንም ስም ለሊጉ ማስተላለፍ አለብኝ።»

ሩሐማ ስማቸውን ነገረቻት። ዴብራ መጻፍ ስላቃታት ፊደል በፊደል ቆጠረችላት።

ውጭ ወጥታ ያደረገችውን ለጋሽ ዘገዬ ስትነግራቸው አልጮኹም። «አሳልፈሽ ሰጠሽኝ?» አሉ ብቻ፤ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። እሷም ኡበር ጠርታ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ሰፈር፣ አብራት ወጥ ቤት የምትሠራው ስጦታ ዘንድ ሄደች። ስጦታ ሳሎን ያለውን ሶፋ አነጠፈችላት።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሽ ዘገዬ የገባውን ሁሉ ሲጨብጡ እሷ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሰውም አየ። ምክንያቱን የጠየቃት የለም።

ማታ እናቷ ከአዲስ አበባ ደወሉ። «ወንድሜን ምን አደረግሽው? ሲያለቅስ ነው የዋለው።»

ሩሐማ ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻቸው፤ ሪባውንድ ምን እንደሆነ ጭምር።

«ቆይ፣ ኳሱ የልጅቷ ነው ብለሻል።»

«አዎ።»

«አንቺም ለልጅቷ ነው የጻፍሽው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ያልተሰረቀ ነገር ላይ ምን ብለሽ አጋለጥሽው?»

«እማዬ፣ የሚቀጥለው የልጅቷ ባይሆንስ?»

«የሚቀጥለው ሲመጣ ይታይ ነበር» አሉ እናቷ። «አጎትሽ ነው። ነገ ሄደሽ እግሩ ላይ ውደቂ።»

«ላስብበት፣ እማዬ» አለች ሩሐማ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች።