በጋሽ ፍሬ እጅ የማትቆም መኪና

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልናገርም፤ ክሊራንሴ ገና አላለቀም። ነጌሌ ውስጥ መሆኑን፣ ሥራውም ከብት ማስከተብ መሆኑን ብቻ ልናገር። እኔ ፍሬሰንበት እባላለሁ። ሾፌር ነኝ፤ ወይም ነበርኩ። አባቴ የጦሩ ሾፌር ስለነበር ካምፑ አጠገብ ተወልጄ እዚያው መሪ ጨበጥኩ። በመሥሪያ ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳሁት አንድ መኪና ብቻ ነው። ባለ ሁለት ጋቢና ነጭ ፒክአፕ ናት፤ ነጭነቷን በወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር የሚያስታውሰው ሰው የለም፤ ከተማውን የከበበው የሊበን ሜዳ አቧራ ከወሰደው ቆይቷል።

በከተማው ስለ እኔና ስለ እሷ አንድ ወሬ ነበር። "በጋሽ ፍሬ እጅ አትቆምም" ይባላል። ወሬውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። አልቃወምኩትም።

ዘንድሮ ስልሳ ዓመት ሞላኝ። ጡረታ ለመውጣት መኪናዋን ማስረከብ ነበረብኝ፤ ርክክቡን የሚያጸድቀው ደግሞ የንብረት ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እሙሽ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሁለተኛው የእንስሳት ሐኪማችን ዶክተር ኩራ ነው። ሦስተኛው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለሆነ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ኮሚቴው ፈጽሞ የማይጥሰው አንድ ደንብ አለው፤ ብልሽት የሚመዘገበው ኮሚቴው በዓይኑ ሲያየው ብቻ ነው። ያልታየ ብልሽት ብልሽት አይደለም። ያለ ኮሚቴው ውሳኔም አንድ ቡሎን አይፈታም።

የሚተካኝ ሰው ኢፋ ይባላል። የሊበን ልጅ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፤ የሁለት ልጆች አባት። ከዚህ በፊት ዶሎ ኦዶ ላይ ለስደተኞች ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ነድቷል። ገና በሙከራ ላይ ነው። ሙከራው ሲያልቅ ኮሚቴው "ብቁ ነው" ካላለ ይሰናበታል።

ኢፋ መኪናዋን በያዘ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ዳገት ላይ ጉልበት አጥታ ቆመችበት። አንድ ጊዜ ደግሞ አራት ክትባት ሰጪዎችን ከነበረዶ ሣጥናቸው ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ሦስተኛ ማርሽ ተፋችበት። ማርሽ ተፋች ማለት ዘንጉ ማንም ሳይነካው ከገባበት ዘሎ ይወጣል ማለት ነው። ያኔ ሞተሩ መኪናዋን መያዙን ያቆማል፤ ቁልቁለቱ ብቻ ይነዳታል። ኢፋ ፍሬን ረግጦ፣ አንድ የምስጥ ኩይሳ ገጭቶ አቆማት። ሰው አልተጎዳም። ኩይሳው ባለቤት ስለሌለው ክስ አልቀረበም።

ኢፋ ሪፖርት ጻፈ፤ ኮሚቴው ሊያይ ወጣ። ከኩይሳው በኋላ ኢፋን ማመን ስላልተቻለ ነጂው እኔ እንድሆን ተወሰነ። ያንኑ ዳገት ወጣሁ፤ ያንኑ ቁልቁለት ወረድኩ። እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች። ዶክተር ኩራ ከኋላ እንቅልፍ ወሰደው። ስንመለስ ወይዘሮ እሙሽ መዝገባቸውን ከፍተው "ብልሽት አልታየም" ብለው ጻፉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ታዲያ ችግሩ ምን ይመስልዎታል?"

"ልጁ እጁ ከባድ ነው" አልኩ።

ይህን ያልኩት ልጁን ልጎዳ ብዬ አይደለም፤ አምኜበት ነው። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቶ፣ የሚተካው ሰው በሳምንቱ ኩይሳ ሲገጭ የማይደሰት ሾፌር ካለ አሳዩኝ። ወይዘሮ እሙሽ ቃሌን ጽፈው "የማሽከርከር ብቃት ጉድለት" የሚል ርእስ ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ተሰብስቦ መፈረም ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ማለዳ ኢፋ ቤቴ መጥቶ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ።

"አካም ቡልታኒ ጋሼ?"

"ናጋ። አንተስ?"

"ናጋ" አለ። ናጋ ሰላም ነው፤ ፊቱ ግን ሰላም አልነበረም። ቁጭ በል ብለውም አልተቀመጠም። "ጋሼ፣ አንቱ ሲነዷት አትቆምም። እኔ ስነዳት ትቆማለች። ቦቴ ሙሉ ውሃ ጭኜ ያንን ሁሉ አገር ወርጃለሁ፤ አንድ ቀን ማርሽ ተፍቶብኝ አያውቅም። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ማሎ፣ እባክዎ፣ ስህተቴን ንገሩኝ፤ ላርመው።"

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስህተቱ ምን እንደሆነ እኔም በትክክል አላውቀውም ነበር። ስለዚህ መኪናዋ ጤነኛ መሆኗን ከባለሙያ አፍ ይስማ ብዬ እሱንም እሷንም ይዤ ወደ ጣዲቻ ሄድኩ።

ጣዲቻ ከገበያው በታች ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ጥቂት ይናገራል፤ ከሚናገረውም አብዛኛው "አይደለም" ነው። ኮፈኑን እንዲከፍት ስጠይቀው "አልከፍትም፤ ኮሚቴያችሁ ይከሰኛል" አለ። ከኪሱ ጠመኔ አወጣና ጋቢና ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ኢፋ ከኋላ ገባ።

"ወደ ሊበን ንዳ" አለኝ።

ነዳሁ። ጣዲቻ መንገዱን አያይም። ሞተሩንም የሚያዳምጥ አይመስልም። የሚያየው እኔን ነው። በየጊዜው ጎንበስ ይልና ዳሽቦርዱ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ያሰምራል። መጀመሪያ ታገስኩት። ዳገቱን ስንጨርስ ግን ንዴቴ መጣ።

"የመንግሥት ንብረት ላይ ምንድን ነው የምትጽፈው?"

"ያንተን ሥራ" አለ። "ዳር ይዘህ አቁም።"

አቆምኩ። ዳሽቦርዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጭ መስመር ተሞልቷል። ጣዲቻ በጣቱ እየነካ ቆጠረ።

"አሥራ ስድስቱ እጅህ ነው። ሦስተኛ ካስገባህ በኋላ እጅህን ከማርሹ ላይ አታነሳም። ቁልቁለት ሲመጣ ጭራሽ ወደ ፊት ትገፋዋለህ። ዘጠኙ እግርህ ነው። ዳገት መሐል ነዳጅ መስጫውን ትለቃለህ፤ ትንሽ ትቆያለህ፤ እንደገና ትረግጣለህ።"

"እኔ? በጭራሽ አላደርግም!"

"ያደርጋሉ ጋሼ" አለ ኢፋ ከኋላ፣ ቀስ ብሎ። "እኔም አይቻለሁ። የአንቱ አነዳድ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።"

"እንግዲያው አሁን አታድርገው" አለ ጣዲቻ። "ሁለት እጅህ መሪው ላይ ይሁን። እግርህን ደግሞ አታንሳ።"

እንዳለኝ ነዳሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ እጄ እየተነሳ አስቸገረኝ። ትንሿ ቁልቁለት ላይ ዘንጉ ዘሎ ወጣ። የሚቀጥለው ዳገት አጋማሽ ላይ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ፤ ተንገጫገጨ፤ ጠፋ። በእኔ እጅ ቆመች። ግመሎቹን እየነዳ ያለፈ አንድ ሰው "ናጋ?" አለን። ጣዲቻ "ናጋ" አለው።

ከዚያ ከመቀመጫው ሳይነሳ አስረዳን። ናፍጣው ያለበት ሰልባትዮ ውስጥ አንድ ቆሻሻ አለ፤ ጨርቅ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ሲስብ ቆሻሻው አብሮ ተስቦ የቱቦውን አፍ ይደፍነዋል፤ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ተመልሶ ይወድቃል። ማርሹን የሚያስተፋት ደግሞ ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሣጥኗ፣ ነው። ከሥር የተሸከማት ላስቲክ አልቆ ይሆናል፣ ወይም ጥርሷ ውስጡን ተበልቶ ይሆናል፤ ሳይፈታ አይታወቅም።

"መኪናዋ ታማለች" አለ። "ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።"

አወቅሁ። ስድስት ዓመት ነው። ያኔ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትንገራገጭብኝ መለዋወጫ እንዲገዛ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ኮሚቴው ሊያይ የወጣ ቀን እንደ አጋጣሚ ደህና ዋለች፤ ደብዳቤዬ "አልታየም" ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እጄና እግሬ ለራሳቸው መላ አበጁ። እኔም ማታ ማታ የጉዞ መዝገቡ ላይ፣ "የተሽከርካሪው ሁኔታ" በሚለው ሥር፣ "ደህና" እያልኩ ፈረምኩ። ሰው "በአንተ እጅ አትቆምም" ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ አለፍኩ። በጣም አፈርኩ። ያሳፈረኝ መደበቄ ብቻ አይደለም፤ ልጁን "እጁ ከባድ ነው" ማለቴ ነው።

የኢፋ ፊት ግን በራ። "በቃ ገባኝ! ጋሼ፣ የእጁንም የእግሩንም አስተምሩኝ። በሁለት ቀን እለምደዋለሁ። ኮሚቴው ሲያየኝ አትቆምም። አንቱ በሰላም ጡረታ ይወጣሉ፤ እኔም እንጀራዬን እይዛለሁ።"

ከዚህ የተሻለ ሐሳብ በመሥሪያ ቤታችን ቀርቦ አያውቅም። ማንም አይከሰስም፤ ማንም ደብዳቤ አይጽፍም። እሺ አልኩና ቦታ ተለዋወጥን። ኢፋ መሪውን ያዘ።

"ዳገቱ ሊጋመስ ሲል ድምጿ ይወፍራል" ብዬ ጀመርኩ። "ያኔ ሳትረበሽ እግርህን..."

ኢፋ ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል። በመስታወቱ ከኋላ ያለውን ባዶ የጭነት ቦታ አየሁት። ክትባት ሰጪዎቹ ከነሣጥናቸው የሚቀመጡት እዚያ ነው። ይህ ልጅ አንድ ቀን ይደክመዋል፤ ወይም ዝንብ አፍንጫው ላይ ታርፍና እጁን ከማርሹ ያነሳል።

"አላስተምርህም" አልኩት።

"ለምን ጋሼ?"

"የእኔ ጥፋት ነው። ካስተማርኩህ ያንተም ይሆናል።"

ፊቱ ጠቆረ። ሥራውን የነጠቅኩት መሰለው፤ አልፈረድኩበትም። መሪውን መልሼ ይዤ ጣዲቻን ጋራዡ፣ ኢፋን ቤቱ አድርሼ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ እሙሽ ሄድኩና ከመፈረማቸው በፊት መኪናዋን አንድ ጊዜ በኢፋ እጅ እንዲያዩዋት ለመንኳቸው።

"ደግሞ ኩይሳ ይገጭብናል" አሉ።

"እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።"

ይህ አረጋጋቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወጣን። ኢፋ መሪ ላይ፣ እኔ አጠገቡ፣ ወይዘሮ እሙሽና ዶክተር ኩራ ከኋላ። ሦስተኛው አባል ስብሰባ ላይ ነበር። "ቁልቁለቱ ላይ በዝግታ ውረድ፤ እግርህ ከፍሬን አይራቅ" አልኩት ለኢፋ። ሳያየኝ ማርሽ አስገባ።

ከከተማ እንደወጣን ግራ እጄ ብቻውን ወደ ማርሹ ሲሄድ ደረስኩበት። መለስኩት። እንደገና ሄደ። በመጨረሻ ሁለቱንም እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው።

"በረደዎት እንዴ?" አሉ ወይዘሮ እሙሽ። የካቲት ነበር፤ ያውም በነጌሌ ሙቀት።

ቁልቁለቱ ላይ ሦስተኛዋ ተፋች፤ መኪናዋ ተለቀቀች። ኢፋ ፍሬኑን ረገጠ። የወይዘሮ እሙሽ መዝገብ ከጭናቸው በርሮ እግሬ ሥር ወደቀ፤ ዶክተር ኩራም ነቃ። እጄ ከሥሬ ለመውጣት ታገለኝ፤ ተጫንኩት። ፈርቼ ነበር፤ ኢፋ ግን በፍሬን ብቻ ይዟት ወረደ። ቀጥሎ ዳገቱ መጣ። አጋማሹ ላይ ድምጿ ወፈረ። ኢፋ ዞር ብሎ አየኝ። "ልቀቀው" ብል ትወጣ ነበር። ጥርሴን ነከስኩ። ቆመች።

ወይዘሮ እሙሽ መዝገባቸውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ፤ አቧራውን አራግፈው ከፈቱት።

"ታየ" አሉ። ጻፉት።

ዶክተር ኩራ ይወደኛል፤ የሠርጉ ቀን ሙሽሮቹን የነዳኋቸው እኔ ነኝ። "ባለፈው ጋሽ ፍሬ ሲነዷት ምንም አልነበረባትም" አለ። "ስለዚህ ዛሬ ነው የጀመራት ማለት ነው። አይደል ጋሼ?" በዓይኑ እሺ ይበሉ ይለኛል።

ዛሬ ከጀመራት የእኔ መዝገብ ንጹሕ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ጡረታዬን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ዛሬ ከጀመራት ግን ያለፈው ሳምንት መቆምም፣ ኩይሳውም፣ የኢፋ ጥፋት ሆነው ይቀራሉ። ኢፋ መሪውን እንደያዘ ፊት ለፊቱን ያያል። የሚሰማው ግን የእኔን አፍ ነው።

"ዛሬ አይደለም" አልኩ።

"ታዲያ መቼ ነው?" አሉ ወይዘሮ እሙሽ።

"ስድስት ዓመት አልፏታል።"

"ስድስት ዓመት? ታዲያ እንዴት አድርገው ነዷት?"

እጆቼን ከሥሬ አወጣሁ። ደንዝዘው ነበር።

"እየደበቅሁ" አልኩ።

ወይዘሮ እሙሽ አዲስ ገጽ ገለጡ። ቀኑን ጻፉ፤ ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ ጻፉ።

"ቀስ ብለው ይናገሩ" አሉ። "የምጽፈው ቃል በቃል ነው።"