ለግራ እጅ የሚሆን መዶሻ

ይስማው ሞጣ ውስጥ አናጺ ነው። ቤቱን ሌሎች ይሠሩታል፤ እሱ መጨረሻ ላይ ገብቶ መቃኑን በክፈፍ ያለብሳል፣ የወለሉን ዳር በቀጭን እንጨት ያዞራል፣ የቁም ሣጥን መዝጊያ ያጋጥማል። የከተማው ሰው «የፊኒሺንግ ሰው» ይለዋል። ሥራው የሚጀምረው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። ግንበኛው ሄዷል፣ ለሳኙ ሄዷል፣ ባለቤቱ ገና አልገባም። በዚህ መሐል ባለው ባዶ ቤት ይስማው ብቻውን ይውላል። ምሳውን በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ይበላል፤ ሲመሽ ቁልፉን ከኪሱ ከቶ ወደ ተከራየው ክፍል ይሄዳል። እዚያም የሚጠብቀው የለም።

ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። እሱና ፋንታ የሚባል የቢቸና ልጅ ሙያውን አብረው ለምደው፣ በጎረምሳነታቸውም በጎልማሳነታቸውም አብረው ሠርተዋል። ፋንታ አገሩ ገብቶ ሚስት ካገባ በኋላ መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደዋወሉ ነበር። ኋላ በየዓውደ ዓመቱ ሆነ። ከዚያ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ኔትወርኩም ሲጠፋ ሲመጣ፣ እሱም ቀረ። ተጣልተው አይደለም። አንዱ የሌላውን ስልክ ሲጠብቅ ጊዜው ሄደ፣ ያ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪክ መጋዝ የይስማውን ቀኝ እጅ ያገኘው በዚያ ዝምታ መሐል ነበር። ሌባ ጣቱንና የመሐል ጣቱን ይዞበት ሄደ። ያሳከመው አከራዩ ነው። ቁስሉ ሲደርቅ ለፋንታ ልንገረው ብሎ ስልኩን ብዙ ጊዜ አንሥቷል። ግን ያን ያህል ጠፍቶ ከርሞ፣ ደውሎ የሚያወራው ይህን ብቻ ሲሆን ልመና መሰለበት። ስልኩን መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ግራ እጁን እንደ ሕፃን ልጅ ከሀ ጀምሮ መምታት አስተማረው።

ዘንድሮ ስጦታው የሚባል ነጋዴ ያሠራውን ቤት ያዘ። ስጦታው ባሕር ዳር ነው የሚኖረው፤ አልፎ አልፎ መጥቶ ያያል። አንድ ቀን መጥቶ በሳሎኑ በር ዙሪያ የተመታውን የዋንዛ ክፈፍ በጣቱ እየዳሰሰ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ይስማው፣ እዚህ ጋ ምን ነክቶት ነው?» አለ።

ይስማው ቀድሞም አይቶታል። የመዶሻው ጠባሳ ነው፤ እንጨቱ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስርጉድ። መዶሻው እጀታው ብረት ሆኖ ጎማ የለበሰ፣ ለጣሪያ ሥራ የተሠራ ከባድ ነገር ነው። በቀኙ ቢሆን ይታዘዝለት ነበር። በግራው ግን ሚስማሩ ሊያልቅ ሲል ይስታል፣ ክንዱንም እስከ ትከሻው ያነዝረዋል። ስጦታው ክፉ አልተናገረም፤ ቢስተካከል ጥሩ ነው ብሎ ሄደ። ይስማው ክፈፉን ነቅሎ ግድግዳ አስደገፈውና ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ።

በማግስቱ የእንጨት እጀታ ያለው ቀላል መዶሻ ፍለጋ ሞጣን ዞረ። ዘሪቱ የምትባለው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ያላትን ሁሉ አውጥታ ደረደረችለት። እጀታቸው በቀይ ቀለም ተለቅልቆ ያበራል። ቀለሙ ደግሞ የእንጨቱን መስመር ይሸፍነዋል፤ መስመሩ ቀጥ ይበል፣ ተጠማዞ ይሂድ አይታወቅም። ጠማማ ከሆነ አንድ ቀን አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ይስማው አንዱን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ ሌላውን አነሣ። ዘሪቱ ታግሣ ቆማለች። በዚያን ጊዜ ነው በዕድሜው አንድም ቀን ለራሱ መዶሻ መርጦ እንደማያውቅ የገባው። መራጩ ፋንታ ነበር። ይስማው እንጨት ያውቃል፤ ፋንታ ደግሞ መሣሪያ ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና ገባ። ለፋንታ አልደወለለትም፤ ቢደውል ወሬው በስልክ አልቆ የሚቀር መሰለው።

ፋንታን ያገኘው ዎርክሾፕ ውስጥ ሳይሆን ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሳሙና፣ ደብተርና የባትሪ ድንጋይ በመደርደሪያ ላይ ደርድሮ ከባንኮው ኋላ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል። ሲያየው ዘሎ ወጣ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ እንደገናም ተሳሳሙ። ይስማው ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር አላወጣም። ፋንታ አናጺነቱን ከተወ ከረመ። እንጨት የሚያመጣ መኪና ሲጠፋ፣ ቤት የሚሠራም ሲጠፋ፣ መሣሪያውን አንድ በአንድ ሸጦ ይቺን ሱቅ ከፈተ። ይህን ሲናገር የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስል ነበር። ይስማው መዶሻ እንድትመርጥልኝ ነው የመጣሁት ሲለው ግን ሳቀ፤ ሚስቱን ይርጋነሽን ጠርቶ ሱቁን አስያዛትና ወደ ገበያ ወረዱ።

ከገበያው ዳር ኃይለ ሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ማዳበሪያ ዘርግተው ያገለገለ ብረታ ብረት ይሸጣሉ። ፋንታ ተቀመጠ። አንዱን መዶሻ አንሥቶ እጀታውን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነጣጠረ። ጫፉን ገልብጦ የእንጨቱ መስመር ከመዶሻው ራስ ጋር አብሮ መሄዱን አየ። እጀታውን ያጠበቀውን ሽብልቅ በጥፍሩ ነካው። ፊቱን፣ ሚስማር የሚመታበትን፣ በአውራ ጣቱ አሸው፤ ጠርዙ የተሸረፈውን ወዲያ አለው። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰውዬ ጠፍቶ የድሮው ፋንታ መጣ። ብዙ ጥሎ አንድ አስቀረ፤ ወፈር ያለ እጀታ ያለው፣ ራሱ ደልደል ያለ።

«እንካ፣ ያዘው» አለ።

ይስማው በግራው ተቀበለ።

«በቀኝህ እንጂ።»

ይስማው ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር አወጣ። ፋንታ እጁን አየ፤ ቀና ብሎም ፊቱን አየ።

«መቼ ነው?»

«ካቻምና። ከጥምቀት በኋላ።»

«ስልክ አልነበረህም?»

«ነበረኝ።»

ፋንታ መዶሻውን ከይስማው እጅ ወስዶ ማዳበሪያው ላይ መልሶ አኖረው፤ ከዳር ጀምሮም እንደ አዲስ መምረጥ ያዘ። ቅድም የጣላቸውን ሁሉ እንደገና አነሣቸው። በመሐሉ የይስማውን ግራ እጅ ስቦ መዳፉን ዘረጋ፣ ጣቶቹን በራሱ ጣት ላይ አስጨበጠና ጉልበታቸውን ለካ። ሽማግሌው ግራ ገባቸው።

«ያኛው አይሻልም ነበር ልጄ?» አሉ።

«ያኛው ለሌላ ሰው ነው አባቴ» አለ ፋንታ።

በመጨረሻ ያነሣው ትንሽ ነው። ራሱ ቀላል፣ ፊቱ ልሙጥና ለአመል ያህል ጎበጥ ያለ፣ እጀታው ወይራ፣ አንገቱ ጋ ቀጠን ብሎ ወደ መያዣው የሚሞላ። ይስማው ሲይዘው ክንዱ ላይ ክብደት አልመጣበትም። አየር ላይ መታ መታ አደረገው፤ መዶሻው ወደሚፈልግበት ሄደ።

ምሳ ይርጋነሽ አቀረበች። እጁን አይታለች፤ ወጡን በግራው በኩል አደረገችለት። ከበሉ በኋላ ይስማው በመንገድ ላይ ሲያሰላስለው የመጣውን ተናገረ።

«ሞጣ ና። የያዝኩትን ቤት አብረን እንጨርሰው።»

ፋንታ መደርደሪያውን አየ። «እጄ ረስቶታል ብዬ ተቀምጬ ነበር» አለ። «ዛሬ ሳየው አልረሳም። ባይነካካ ይሻለው ነበር።» ከዚያ ሞጣ የማይመጣበትን ምክንያት፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የሱቁንና የመንገዱን ነገር ተናገረ። ሁሉም እውነት ነው። ይስማው አልተከራከረውም። ፋንታ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላም በመስኮቱ ሥር ቆሞ ቆየ። መኪናው ሲነሣ ፋንታ የመስኮቱን መስታወት በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ሰኞ ይስማው የስጦታውን ቤት ከፈተ። አዲስ የዋንዛ ክፈፍ ልጎ በሳሎኑ በር ግራና ቀኝ መታ። መዶሻው እንደታሰበው ሆነለት፤ ሚስማሩ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ የመጨረሻውን ምት ሲያሳርፍ እንጨቱ ምንም አይሆንም። ተጎንብሶ በጉንጩ ዳሰሰው፤ ልሙጥ ነው። ቀና ብሎ ዞር አለ፤ «ተመልከት» የሚለው ሰው ግን አልነበረም።

ከበሩ በላይ የሚጋደመው ረጅሙ እንጨት ቀረ። መሰላሉ ላይ ወጥቶ አንዱን ጫፍ ከቦታው አደረሰና፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ፣ «ያዝ» አለ።

ድምፁ በባዶው ሳሎን ዞሮ ተመለሰ። ይስማው እንጨቱን በአናቱ ደገፈው፣ ሚስማሩን በቀሩት የቀኝ ጣቶቹ መሐል ያዘውና በግራው መታ። የመጀመሪያው ጎበጠ፤ ነቀለው። ሁለተኛው ገባ። ሌላውንም ጫፍ መትቶ ወረደ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ።